ፋይሉ ይመላለስ፣ ባለጉዳዩ ይረፍ

የአንድ ወረዳ ወይም የማዘጋጃ ቤት ኃላፊ «አገልግሎታችንን ዲጂታል አድርገናል» ሲል፣ ስለ ኮምፒውተሩ ብዛት ሳይሆን ስለ ባለጉዳዩ እግር ጠይቁት። አንድ ሰው የልደት ምስክር ወረቀት ለማግኘት ዱሮ ስንት ጊዜ ይመላለስ ነበር? አሁንስ? መልሱ ያው ከሆነ የተለወጠው የጠረጴዛው ዕቃ ነው። በዚህ ማብራሪያ ላሳያችሁ የምፈልገው፣ የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት ዋናው ሥራ የሚሠራው ከመስኮቱ በስተኋላ፣ መዝገብ ከመዝገብ በሚገናኝበት ቦታ መሆኑን ነው። የምጽፈውም ለሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ በመስኮቱ ውስጥ ለተቀመጠው ሠራተኛና በመስኮቱ ፊት ለቆመው ነዋሪ።

«ዲጂታል» የሚባለው ሁሉ አንድ አይደለም

አንድ ወረዳ ለመታወቂያ እድሳት የሚያስፈልጉትን ማስረጃዎች ዘርዝሮ በቴሌግራም ቢለጥፍ የመጀመሪያውን ደረጃ ረግጧል። ይህን አትናቁት። ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ እንደሚያስፈልግ ከቤቱ ሳይወጣ ያወቀ ሰው አንድ ምልልስ ቀርቶለታል። ቀጥሎ የሚመጣው ቅጹን በኢንተርኔት ማግኘት ነው፤ ነዋሪው ቅጹን ሞልቶ፣ አሳትሞና ፈርሞ ይዞ ይመጣል። ከዚያ በላይ ማመልከቻውም፣ ክፍያውም፣ ውሳኔውም በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚያልቅበት ደረጃ አለ። ከሁሉ የላቀው ግን መንግሥት አንድ ጊዜ የተቀበለውን መረጃ ዳግመኛ ከነዋሪው የማይጠይቅበት ነው።

እኔ እንደማየው ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች ቆመው የቀሩት ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው፤ አደገኛው ቦታም እሱ ነው። ወረቀቱም አለ፣ ስክሪኑም አለ። ሠራተኛዋ በባሕረ መዝገብ የጻፈችውን መልሳ ኮምፒውተር ላይ ትጽፋለች። ሥራዋ እጥፍ ይሆናል፣ ሰልፉ ይረዝማል፣ ሰዉም «ኮምፒውተር መጥቶ ነገሩን አባሰው» ይላል። እውነቱን ነው።

በአገር ደረጃ መሠረቱ ተጥሏል። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ጸደቀ። በዚያው ዓመት የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተላከ መልእክት በሕግ ፊት ዋጋ እንዲኖረው አደረገ፤ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ሕጉ እንዲህ ፊት ሄዶ ሳለ፣ በብዙ ወረዳዎች መስኮት ዛሬም ክብ ማህተም ያላረፈበት ወረቀት አይታመንም። ይህ ከስንፍና ብቻ የመጣ አይደለም። አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራል፤ ማዘጋጃ ቤት ግን ልደትና ሞት ይመዘግባል፣ ነዋሪ ይመዘግባል፣ ይዞታ ያረጋግጣል፣ የግንባታ ፈቃድ ይሰጣል፣ የገበያ ቦታ ያከራያል፣ ቆሻሻ ያነሳል። በጀቱ ትንሽ፣ የሥራው ዓይነት ብዙ ነው።

አንድ መሸኛ እንከተል

ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላ ወረዳ ቤት የቀየረች አንዲት እናት እናስብ። በአዲሱ ሰፈር የነዋሪነት መታወቂያ ያስፈልጋታል፤ ለመታወቂያው ደግሞ ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ። ወደ ቀድሞው ወረዳ ትሄዳለች። ማህደሯ ከመዝገብ ቤት ይፈለጋል፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ከሌለ በማግስቱ ትመለሳለች። ማህደሩ ሲገኝ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ኃላፊው ይፈርማል፣ ማህተም ይመታል፣ ወጪ ተደርጎ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ፖስታው ታሽጎ ለራሷ ይሰጣታል። ፖስታውን ይዛ በታክሲ ወደ አዲሱ ወረዳ ትሄዳለች። እዚያ ደብዳቤው ገቢ ይሆናል፣ ይመራል፣ አዲስ ማህደር ይከፈታል፣ ስሟና የልደት ቀኗ እንደገና በእጅ ይጻፋል።

አሁን ልብ በሉ። ሁለቱ ወረዳዎች በአንድ ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው። ይህች እናት ያደረገችው የአንዱን ቢሮ መልእክት ለሌላው ማድረስ ነው፤ በራሷ የታክሲ ሂሳብና በራሷ የሥራ ቀን የመንግሥትን ፖስታ አመላለሰች። ኑሮዋ በቀን ሥራ ከሆነ ደግሞ ያ ቀን ምንም አይከፈላትም።

ይህንኑ ጉዳይ በቅጡ ኤሌክትሮኒክ ብናደርገው የምትሄደው ወደ አዲሱ ወረዳ ብቻ ይሆናል። አዲሱ ወረዳ በመለያ ቁጥሯ መዝገቧን ከቀድሞው ይጠይቃል። የቀድሞው ወረዳ በተወሰነለት ሰዓት ውስጥ ይለቃል፤ የማይለቅ ከሆነም ምክንያቱን በጽሑፍ ያሳውቃል። መዝገቡ ሲዛወር የቀድሞው ይዘጋል። መሸኛ የሚባል ወረቀት ከነጭራሹ አያስፈልግም። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ መሸኛውን በኮምፒውተር መጻፉን እንደ መሻሻል ይቆጥረዋል። እኔ ግን መሸኛው ራሱ እስኪቀር ድረስ ለውጥ መጣ አልልም።

በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቧል። ይህ የታክሲ ወጪንና የባለጉዳይን ድካም ይቀንሳል፤ በየክልሉና በየከተማው ቢስፋፋ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ጣሪያ መጋራትና መዝገብ መጋራት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንድ አዳራሽ ውስጥ ከመስኮት ወደ መስኮት ፎቶ ኮፒ ይዞ የሚዞር ሰው ካለ ሁለተኛው ሥራ ገና አልተሠራም።

ከኮምፒውተሩ በፊት

ስለዚህ ሶፍትዌር ከመግዛታችን በፊት የእያንዳንዱን አገልግሎት አካሄድ በትልቅ ወረቀት ዘርግተን ግድግዳ ላይ እንለጥፍ። በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ «ይህን የሚጠይቀው የትኛው ሕግ ነው?» ብለን እንጠይቅ። መልስ የሌላቸው እርምጃዎች ብዙ ይገኛሉ። አንድ ጊዜ ሐሰተኛ ደብዳቤ የያዘ ሰው ተገኘ እንበል፤ የዚያን ጊዜው ኃላፊ «ከእንግዲህ ሦስት ምስክር ይቅረብ» ብለው አዘዙ። ኃላፊው ተዛወሩ፣ ሦስቱ ምስክሮች ግን ቀሩ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ መሥሪያ ቤቶችን ያዳረሰው የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ (ቢፒአር) የጠየቀው ጥያቄ ይኸው ነበር። በየቦታው ጠረጴዛ ማቀያየር ሆኖ ቢቀርም ጥያቄው አላረጀም።

ይህን ሥራ ዘለን በቀጥታ ወደ ሶፍትዌር ከሄድን የባሰ ነገር ይመጣል። በወረቀት ዘመን ቅን ሠራተኛ «እማማ፣ ይሄ ይቅርብዎት» ብሎ አላስፈላጊውን ማስረጃ ማለፍ ይችላል። ሲስተሙ ግን ባዶ ሳጥን ካየ አያሳልፍም። ትርፍ እርምጃ ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ በኋላ ማውጣት አዲስ ውል፣ አዲስ ጨረታ፣ አዲስ በጀት ይጠይቃል።

የካርናታካው የመሬት መዝገብ

ስለዚህ ነገር ሳስተምር የማልተወው ምሳሌ የሕንዷ የካርናታካ ግዛት ነው። ገበሬው ከባንክ የእርሻ ብድር ለመውሰድ የመሬት ይዞታ ማስረጃ ያስፈልገዋል። መዝገቡ በ9,000 ገደማ የመንደር ሒሳብ ሹሞች እጅ ነበር። ሹሙ ከሌለ ማስረጃ የለም፤ ሹሙ ቢኖርም ያለ ጉቦ ብዙ ጊዜ የለም። ግዛቱ እ.ኤ.አ. በ2000 እና 2001 ገደማ «ቡሚ» በተባለ ሥራ 20 ሚሊዮን ያህል መዝገቦችን፣ የ6.7 ሚሊዮን ባለይዞታዎችን መረጃ ማለት ነው፣ ወደ ኮምፒውተር አስገባ። ገበሬው በወረዳ ደረጃ ወዳለ መስኮት ሄዶ 15 ሩፒ ከፍሎ ማስረጃውን በደቂቃዎች ውስጥ ማግኘት ቻለ።

ከቁጥሮቹ ይልቅ ልታስተውሏቸው የሚገቡ ውሳኔዎች አሉ። አንድ ወረዳ ኮምፒውተሩን ሥራ ሲያስጀምር በዚያ ወረዳ በእጅ የተጻፈ ማስረጃ ሕጋዊ ዋጋ እንዳይኖረው ተደረገ። ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን ቢቀጥሉ ኖሮ አሮጌው አዲሱን ይውጠው ነበር። ሠራተኛው ወደ ሲስተሙ የሚገባው በጣት አሻራው በመሆኑ፣ ማን ምን እንደነካ ተመዝግቦ ይቀራል፤ «የይለፍ ቃሌን ሌላ ሰው ተጠቅሞበት ነው» ማለት አይቻልም። ሁለተኛ ስክሪን ወደ ገበሬው ዞሮ ስለተቀመጠ የሚጻፈውን በዓይኑ ያያል። የስም ዝውውር ማመልከቻዎች ደግሞ በመጡበት ቅደም ተከተል ብቻ እንዲስተናገዱ ሲስተሙ ያስገድዳል፤ ሠራተኛው የኋለኛውን ወደ ፊት ማምጣት ከፈለገ ምክንያቱን መጻፍ አለበት። ወረፋ የማስቀደም ሥልጣን ሲወሰድ ለማስቀደም የሚከፈለውም ገንዘብ መሠረቱ ይናጋል።

ይህ ሥራ ግን ነቀፋም ገጥሞታል። በባንጋሎር ዙሪያ ያጠኑ ተመራማሪዎች ጉቦው አለመጥፋቱን፣ መሬት የሚሰበስቡ ባለሀብቶችም ክፍት ከሆነው መረጃ ከትንሹ ገበሬ የበለጠ መጠቀማቸውን ጽፈዋል። መረጃ ሲከፈት መጀመሪያ የሚጠቀመው ማንበብና ማጣራት የሚችለው፣ ጠበቃም ያለው ነው። መሬት የክርክር ሁሉ ምንጭ በሆነባቸው የእኛ ከተሞች ይህን አስቀድሞ ማሰብ ያሻል።

ስም፣ ቀን፣ የቤት ቁጥር

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ፤ ለሌላ አገር የተሠራ ሶፍትዌር እኛ ዘንድ በብዛት የሚሰናከለው እዚህ ነውና።

ከስም እንጀምር። ኃይለ ሥላሴ የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ «ኃይለሥላሴ»፣ ሌላው «ሀይለ ስላሴ»፣ ሦስተኛው «ሃይለስላሴ» ብሎ ይጽፈዋል። ለአንባቢ ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንደ በ እና ተ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበችን ሴት «ጸሀይ» ብሎ የፈለገ ሠራተኛ «መዝገብ የለም» የሚል መልስ ያገኛል፤ ሴትየዋም እንደ አዲስ ትመዘገባለች። አንድ ሰው ሁለት ሆነ ማለት ነው። ክፍተትም የራሱ ጣጣ አለው። «ገብረ መድኅን ወልደ ማርያም» የሚለውን በየክፍተቱ የሚቆርጥ ሲስተም ገብረ የተባለ ሰው፣ መድኅን የተባለ አባትና ወልደ የተባለ አያት ይፈጥራል፤ ማርያም ቦታ ታጣለች። የቤተሰብ ስም የሚጠይቅ የውጭ ቅጽማ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ለምንጠራ ሰዎች ጭራሽ አይስማማም። ከኦሮሚያ ወደ አዲስ አበባ የመጣ ሰው ደግሞ በማስረጃው ላይ ስሙ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ወደ ፊደል የሚመልሰው እያንዳንዱ ጸሐፊ በራሱ ጆሮ ነው።

መፍትሔው የሰዎችን ስም አጻጻፍ ማስለወጥ አይደለም። ባለቤቱ የሚጽፈው ስም በማስረጃው ላይ እንዳለ ይቀመጥ፤ ከጀርባ ግን ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች አንድ አድርጎ፣ ክፍተትን ትቶ የሚፈልግ ሁለተኛ የመፈለጊያ መስመር ይኑር። ይህ ለጎበዝ ፕሮግራመር ከባድ ሥራ አይደለም፤ በውሉ ላይ ካልተጻፈ ግን ማንም አይሠራውም።

ብዙ ቢሮዎች ደግሞ የዓመታት መረጃቸውን የያዙት በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የመጻፊያ ፕሮግራሞች በተጻፉ ፋይሎች ነው። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መለኪያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የቀድሞዎቹ ጽሕፈቶች በራሳቸው ኮድ ስለሚሠሩ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈቱ የማይነበብ የምልክት ጥርቅም ይሆናሉ። የከተማው አሮጌ ዝርዝር «ሶፍት ኮፒ አለው» ሲባል በየትኛው ኮድ እንደተጻፈ ጠይቁ።

ወደ ቀን እንለፍ። ጳጉሜን 6 ቀን የተወለደች ሕፃን አሥራ ሁለት ወር ብቻ በሚያውቅ ቅጽ ላይ የልደት ቀን የላትም። ጸሐፊው ወይ ነሐሴ 30፣ ወይ መስከረም 1 ይላታል። የዘመን ልዩነቱን በጭንቅላት ማስላትም ብዙ ሰው አበላሽቷል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። በጥቅምት 2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ እ.ኤ.አ. የ2007 ልጅ ነው፤ ሁልጊዜ 8 የሚደምር ጸሐፊ ግን 2008 ያደርገውና አንድ ዓመት ይቀንስበታል። የአዲስ ዓመታችን ቀንም በሴፕቴምበር 11 እና 12 መካከል ይቀያየራል፤ የሚሌኒየሙ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነበር። ይህ ካልታሰበ ልጁ ውጭ አገር ለመማር ሲያመለክት የልደት ካርዱና ፓስፖርቱ በአንድ ቀን ይለያያሉ፤ ያቺን አንድ ቀን ለማስተካከል ፍርድ ቤት ድረስ የሚሄድ አለ። ስለዚህ ሠራተኛው በእኛ አቆጣጠር ያስገባ፣ ልወጣውን ኮምፒውተሩ ይሥራ፣ ማስረጃው ላይ ሁለቱም ይታተሙ። የተወለደበትን ዓመት ብቻ ለሚያውቅ አዛውንት ደግሞ «ቀኑ በግምት» የሚል ምልክት ይኑር።

የቤት ቁጥር ከሁሉም የተወሳሰበ ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን በቀበሌ ካደራጀ ወዲህ የአዲስ አበባ ቤቶች አድራሻ ብዙ ጊዜ ተገለባብጧል። አሮጌው ማህደር «ከፍተኛ» እና «ቀበሌ» ይላል። ኋላ ክፍለ ከተማ መጣ፣ ወረዳዎች ተሰፉ፣ ተቀደዱ፤ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቆርጦ ለሚ ኩራ አሥራ አንደኛው ክፍለ ከተማ ሆነ። ቤቱ ከቦታው ሳይነቃነቅ አድራሻው አራት ጊዜ ሊለወጥ ይችላል። መዝገቡ የተመሠረተው በወረዳው ስም ከሆነ በተሸነሸነ ቁጥር ይፈርሳል። ለእያንዳንዱ ቤትና ቦታ ከካርታ ጋር የታሰረ፣ የማይለወጥ አንድ ቁጥር ይሰጠው፤ ወረዳና ክፍለ ከተማ በላዩ የሚለጠፉ፣ ሲለወጡም የሚነሱ ስሞች ይሁኑ። ይህ ሥራ ብዙም አይታይም፣ ሪባንም አይቆረጥለትም፤ ሌላው ሁሉ የሚቆመው ግን በእሱ ላይ ነው።

ፋይዳ የሚመልሰውና የማይመልሰው

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ 12 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል። የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌን ምስልና የፊት ፎቶግራፍ ይወሰዳሉ፤ የሚጠየቀው መሠረታዊ መረጃ ጥቂት ነው። ፋይዳ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ሰው ያ የተመዘገበው ሰው ነው ወይ? ከላይ ያየነውን የስም ጣጣ በእጅጉ ያቃልላል፤ ሰውን በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ መፈለግ ይቻላልና።

የት እንደሚኖር ያጣራው ማን እንደሆነ፣ ከማን እንደተወለደ፣ ከማን ጋር እንደተጋባ፣ ቤቱ የማን እንደሆነ ግን የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ እንጂ ፋይዳ አይመልስም። «ፋይዳ ሲያልቅ ሁሉም ይስተካከላል» ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ ወረዳ የራሱን ሥራ ለሌላ እየተወ ነው። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ምዝገባውም በአገር አቀፍ ደረጃ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ለልደት ካርድ የሚቸኩል ብዙ ነው፤ ለሞት ምዝገባ ግን ውርስ ከሌለ ማንም አይቸኩልም። ያልተመዘገበ ሟች በነዋሪነት ዝርዝር ውስጥ እየኖረ ይቀጥላል፤ በስሙ የቀበሌ ቤት የሚይዝ፣ በስሙ የሚፈርም ሊመጣ ይችላል።

ክፍያ

እዚህ ላይ መንገዱ ቀሏል። ቴሌብር የተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ተራ ስልክ ያለውም ሰው በ*127# ገንዘብ መክፈል ለምዷል። የቀረው የክፍያው ቁጥር ከማመልከቻው ቁጥር ጋር በራሱ መገናኘቱ ነው። ከፍሎ የመጣን ሰው የስልኩን ስክሪን አሳትመህ አምጣ ማለት መቅረት አለበት።

«ሲስተም የለም»

ይህን ቃል ያልሰማ ባለጉዳይ የለም። መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክ ተቋረጠ፣ ሰርቨሩ ቆመ፤ ለመስኮቱ ሁሉም «ሲስተም የለም» ነው። ከቆቦ፣ ከመተማ መጥቶ ያደረ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አስቡት። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ፣ በኋላም በትግራይና በአማራ ክልሎች ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ፣ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የቆመ አገልግሎት ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ አይተናል።

የወረዳ ሲስተም መስመሩ ሲቋረጥ በራሱ ኮምፒውተር እየመዘገበ መቆየትና መስመር ሲመጣ ወደ ማዕከል ማስተላለፍ መቻል አለበት። ባትሪና የፀሐይ ኃይል ከሶፍትዌሩ እኩል በበጀቱ ላይ ይግቡ። ነዋሪውም ባዶ እጁን አይመለስ፤ የመጣበት ቀንና ተራው ተመዝግቦ፣ ሥራው ሲያልቅ በስልኩ መልእክት ይድረሰው።

መስመር መዘርጋት ብቻውን በቂ አለመሆኑን ወረዳኔት አስተምሮናል። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ለማገናኘት የተዘረጋው ይህ መረብ በዋናነት ያገለገለው ለአመራሩ የቪዲዮ ስብሰባ ነበር። በዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነው። መስመሩ ግን ወደ ላይ ሪፖርት ይዞ ሲወጣ፣ ወደ ጎን ከወረዳ ወረዳ የነዋሪውን መዝገብ ይዞ አልሄደም።

ስልክ የሌለው ሰው

ማንበብ የማይችሉ እናት፣ ዓይነ ስውር አባት፣ ስልኩን የሸጠ የቀን ሠራተኛ፤ እነዚህ ከተማው ከሌሎች ሁሉ በፊት ሊያገለግላቸው የሚገባ ሰዎች ናቸው። «ኦንላይን ብቻ» የሚል ማስታወቂያ እነሱን ወደ ጉዳይ አስፈጻሚ ደላላ ይነዳቸዋል፤ ደላላውም ነፃ የሆነውን ቅጽ በገንዘብ ይሞላላቸዋል።

ባንግላዴሽ ይህን እ.ኤ.አ. በ2010 በመላ አገሯ ሞከረችው። በ4,500 ገደማ የገጠር ምክር ቤቶች ጽሕፈት ቤት ውስጥ ኮምፒውተርና ማተሚያ ያለው ማዕከል ተከፈተ። በየማዕከሉ አንድ ወጣት ሴትና አንድ ወጣት ወንድ ቅጽ እየሞሉ፣ የልደት ምዝገባ እያስገቡ፣ አነስተኛ ክፍያ እየተቀበሉ ኑሯቸውን ይመራሉ። ሴት ሠራተኛ መኖሯ ሴቶች በድፍረት እንዲመጡ አድርጓል። እኛም ጋ ወረዳው ክፍያውን ወስኖ፣ በግልጽ ለጥፎ፣ ለተመዘገቡ ወጣቶች እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ቢሰጥ ደላላው ይከስራል።

ማን አየው?

በወረቀት ዘመን የአንድን ሰው ማህደር ለማየት መዝገብ ቤት መግባት ያስፈልግ ነበር። አሁን በተቀመጡበት፣ ጥቂት ፊደል በመጻፍ የጎረቤትን የፍቺ መዝገብ ማየት ይቻላል። ወረዳ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅበት ቦታ ነው። ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ የቤተሰብን ምስጢር የያዘ መዝገብ በክፉ ቀን በክፉ እጅ ከወደቀ የሚያስከትለውን እኛ በቅርቡ ታሪካችን ስለምናውቅ፣ ለአገልግሎቱ የማያስፈልግ መረጃ መጀመሪያውኑ መሰብሰብ የለበትም። ይህን የምለው አጥብቄ ነው።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አሁን ሕጉን ሰጥቶናል። ተግባሩን ከኢስቶኒያ ማየት ይቻላል። ይህች ትንሽ አገር እ.ኤ.አ. በ2001 ኤክስሮድ የተባለውን የመረጃ መለዋወጫ ሥራ ላይ አዋለች፤ መዝገቦቹ በየመሥሪያ ቤታቸው ይቀመጣሉ፣ የሚለዋወጡት የተጠየቀውን ብቻ ነው፣ እያንዳንዱም ጥያቄ አሻራ ትቶ ያልፋል። ዜጋው ራሱ ገብቶ የትኛው መሥሪያ ቤት መረጃውን መቼ እንዳየ መመልከት ይችላል። አንድ ወረዳ ይህን በትንሹ መጀመር ይችላል፤ መዝገብህ ሲከፈት በስልክህ አጭር መልእክት ይድረስህ። ያለ ምክንያት የሚከፍት ሠራተኛ ይህን ካወቀ እጁን ይሰበስባል።

መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው

ሠራተኛውን ጠላት አድርጎ የሚነሳ ለውጥ አይሳካም። ሃያ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራች ሴት የትኛው ማህደር የት እንዳለ፣ የትኛው ቤተሰብ በሁለት ስም እንደተመዘገበ ታውቃለች። ይህ እውቀት በየትኛውም ሶፍትዌር ውስጥ የለም። ለውጡ ሲመጣ «ሥራሽ አለቀ» ከተባለች እውቀቷን ይዛ ትሄዳለች፤ መዝገቡን እንድታጣራና እንድታርም ከተሾመች ግን ለሥራው ከሁሉ የምትበልጥ ሰው ናት። ሥልጠናውም አዳራሽ ውስጥ በስላይድ የሚያልቅ ሳይሆን በራሷ ጠረጴዛ ላይ፣ በእውነተኛ ጉዳይ የሚሰጥ ይሁን።

ባሕር ማዶ ያለው ባለጉዳይ

ጂዳ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እህት፣ ዋሽንግተን ያለ ታክሲ ነጂ፣ ቴል አቪቭ ያለች ነርስ ለጋብቻም ለመኖሪያ ፈቃድም ያላገባ ማስረጃ ወይም የልደት ካርድ ከወረዳቸው ይፈልጋሉ። ዛሬ ውክልና ይልካሉ፣ ዘመድ ይለምናሉ፣ ዘመድም ሥራውን ትቶ ይሰለፋል። በቁጥር የሚጣራ፣ ቆንስላው ራሱ በስክሪን የሚያረጋግጠው ማስረጃ ይህን ሁሉ ያስቀራል። እነዚህ ሰዎች ስልክ አላቸው፣ ኢንተርኔት አላቸው፤ አዲስ አገልግሎት ለመሞከር ከእነሱ የተመቸ ባለጉዳይ አይገኝም።

ከየትኛው ይጀመር?

በይዞታ ካርታ አትጀምሩ። የይዞታ ማህደር በክርክር የተሞላ ነው፤ ድንበሩ ያልጠራን ቦታ ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ክርክሩን በማህተም ማጽደቅ ነው። መጀመሪያ በብዛት የሚጠየቀውንና ጥል የሌለበትን ያዙ፤ የልደት ምዝገባ፣ የነዋሪነት ማረጋገጫ፣ የመሸኛው ዝውውር።

አሮጌውን መዝገብ ሁሉ በአንድ ክረምት ለማስገባት ወጣቶችን መቅጠርም ይፈትናል፤ ባይደረግ እመርጣለሁ። ማህደሩን የማያውቅ ልጅ በቀን የተወሰነለትን ቁጥር ለመሙላት ሲጣደፍ የገባው ስህተት ለዓመታት ይኖራል። ከዛሬ ጀምሮ የሚመጣው ሁሉ በቀጥታ በኮምፒውተር ይመዝገብ፤ አሮጌው ደግሞ ባለቤቱ ለጉዳይ በመጣ ቀን ይግባ። ሁለተኛው ስክሪን ወደ እሱ ይዙር፤ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የልደት ቀኑን በራሱ ዓይን ያንብብ፣ ማንበብ ካልቻለ ጮክ ተብሎ ይነበብለት፣ «ልክ ነው» ሲል ብቻ ይጽደቅ። ከዚያ በኋላ ስህተት ከተገኘና ስህተቱ የቢሮው ከሆነ፣ ባለጉዳዩ የማረሚያ ክፍያ አይጠየቅ፣ ፍርድ ቤትም አይላክ፤ ወረዳው በዚያው ቀን ያርመው።